የባለቤቴ ሥራና የቤታችን ሒሳብ

እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች፤ ሥራዋን ካጣች ግን ዓመታት ተቆጥረዋል። በእነዚህ ዓመታት ከታዘብኩት ሁሉ በጣም የሚገርመኝ፣ የእሷን ከሥራ መውጣት ከእኛ ቤት ውጪ እንደ ጉዳት የቆጠረው ሰው አለመኖሩ ነው። በዚያው ሰሞን ከሌላ ፋብሪካ የተቀነሰ አንድ የሰፈራችን አባወራ በየቤቱ ይታዘንለት፣ በየማኅበሩ ስሙ እየተነሣ ሥራ ይፈለግለት፣ የዕድራችን ዳኛ ሳይቀሩ ለሚያውቋቸው ሰዎች ይናገሩለት ነበር። ለባለቤቴ የደረሳት ማጽናኛ ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ «ምን አለ እቴ፣ አርፈሽ ልጆችሽን አታሳድጊም?» ይህን የሚሏት ሰዎች ክፉዎች ሆነው አይደለም። የቤቱ ሥራ ቀኗን ሙሉ ስለሚይዘው የጎደለባት ነገር ለጎብኚ አይታይም።

አሁን ከአንድ ፋብሪካ የሥራ ተስፋ አግኝታለች። የጽሑፍ ፈተናውንና ቃለ መጠይቁን አልፋ፣ የዋስትና ወረቀቱንም አሟልታ፣ የቀራት የጤና ምርመራው ውጤት ብቻ ነው። የዘመድ ወዳጁም አስተያየት በዚያው ተለውጦ «ለመሆኑ ያዋጣችኋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ሆኗል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ደሞዝተኛ ቤተሰብ ሳያሰላ አይኖርም። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚያሰላበት መንገድ ከሥሩ የተዛባ ነው ብዬ ስለማምን፣ እኛ ቤት ውስጥ የተነጋገርንበትን እንዳለ ለመጻፍ ወሰንኩ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ በአጭሩ ላስቀምጥ። የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ባለቤቴ አዲስ አበባ ዳር ባለ የስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ሥራው ወደ ቤታችን ሲመጣላት ጊዜ ሳታጠፋ ተዛወረች። አዲሱ ፋብሪካ የሚሰፋው ልብስ በአብዛኛው ወደ አሜሪካ ይሄድ ስለነበር ህልውናው የተንጠለጠለው ያለ ቀረጥ በሚያስገባው የአጎዋ ዕድል ላይ ነበር። ኢትዮጵያ ከዚህ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ታገደች። እገዳው የመጣው ደግሞ ጦርነቱ ደብረ ሲና አካባቢ በደረሰበት፣ ከተማችንም ከሰሜን በሚመጡ ተፈናቃዮች በተጨናነቀችበት የኅዳር ወር ማግስት ነው። ትእዛዝ ሲቀንስ መጀመሪያ የቀረው ኦቨርታይሙ ነው፤ ቀጥሎ አንዱ ፈረቃ ቀረ፣ በኋላም እሷ የምትቆጣጠረው የስፌት መሥመር ተዘጋ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሚለው መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ፣ የሠራተኛ ቅነሳ በመሆኑም ከዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ታስቦ ተከፈላት። በእጅ ሲያዝ ብዙ የሚመስል ገንዘብ ነበር። በአገራችን ሥራ ለፈታ ሰው የሚከፍል መድን ስለሌለ ግን የስንብት ክፍያው ሲያልቅ የሚቀረው የትዳር ጓደኛ ደመወዝ ብቻ ነው።

ከፋብሪካው ስትወጣ የሠራችው ብልህነት አሁን ጠቅሟታል። የሥራ ዓይነቷን፣ የአገልግሎት ዘመኗንና ደመወዟን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ሳትቀበል ከግቢው አልወጣችም። ሕጉ አሠሪው ይህን ወረቀት እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ሆኖም ከእሷ ጋር የተቀነሱ አንዳንድ ልጆች «በኋላ እንወስደዋለን» ብለው ሄደው፣ ፋብሪካው ተዘግቶ ባለቤቶቹም ከአገር ከወጡ በኋላ ፈራሚ አጥተው የሠሩበትን ዘመን የሚያስረዱበት ነገር የላቸውም።

ከዚያ በኋላ የነበረውን የፍለጋ ጊዜ ዘርዝሬ አንባቢን አላሰለችም። በቴሌግራም የሚለቀቁትን የሥራ ማስታወቂያዎች ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለው ርዕስ ሙሉ አንቀጽ ሲይዝ «ደመወዝ» በሚለው ፊት ለፊት «በስምምነት» ተብሎ ይታለፋል። ኮምቦልቻ የተሻለ ዕድል መጥቶላት ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ግን በጣርማበር፣ በሸዋሮቢትና በአጣዬ የሚያልፈው መንገድ አንድ ጊዜ ሲከፈት ሌላ ጊዜ ሲዘጋ ቆየ፤ ሁለት ሕፃናት እዚህ ትታ እዚያ መሥራትን ደግሞ እሷም እኔም አልወደድነውም። እስከዚያው ከስንብት ክፍያው ላይ አንሥታ አንድ አሮጌ የስፌት መኪና ገዛችና የተማሪ ዩኒፎርም ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ ሹራብ መጠገን ጀመረች። በመስከረምና በበዓላት ዋዜማ ሥራ ይበዛላታል፤ በሌላው ወር «ነገ እሰጥሻለሁ» የሚል ጎረቤት ይበዛባታል።

የአሁኑ ፋብሪካ ለአገር ውስጥ ገበያ የሥራ ልብስና የደንብ ልብስ የሚሰፋ ነው። የውጭ ገበያ በአንድ አገር ውሳኔ በአንድ ሌሊት ሲዘጋ ስላየን፣ ይህ በራሱ ትንሽ አረጋግቶናል። ጨርቁና ክሩ በአብዛኛው ከውጭ በዶላር የሚገባ በመሆኑ ሙሉ በሙሉ ከአደጋ ውጪ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

ቃለ መጠይቁ ከሁለት ክፍል የተሠራ ነበር ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ክፍል የተሰፉ ልብሶች ተደርድረው ጉድለታቸውን እንድታወጣ ታዘዘች። የዘለለ ስፌት፣ በአንድ ኮት እጅጌዎች መካከል ያለ የቀለም ልዩነት፣ ያልተቆረጠ ክር፣ ከልኬት የወጣ ኪስ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አወጣች። እጇ ከሥራው ርቆ ቢቆይም ዓይኗ አለመራቁን ከቤት ሆኜም መመስከር እችል ነበር፤ የእኔ ሸሚዝ አንገትጌ ሲገጠም የተዛባ መሆኑን ለዓመታት ስትነግረኝ ኖራለች። በሁለተኛው ክፍል ግን ጥያቄው ስለ ልብስ መሆኑ ቀርቶ ስለ ቤታችን ሆነ። ስንት ልጆች እንዳሏት፣ ዕድሜያቸውን፣ ስትወጣ ማን እንደሚይዝላት፣ ሌላ የመውለድ ሐሳብ እንዳላት ተጠየቀች። ለዚሁ ፋብሪካ ለጥገና ክፍል የተወዳደረ አንድ የማውቀው ወጣት የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ልጆቹን ማን እንደሚይዝለት የጠየቀው አልነበረም። ባለቤቴ የመለሰችው ባጭሩ ነው፤ «ልጆቼ አባት አላቸው» አለቻቸው። ጠያቂዎቹ ሳቁ፤ እሷ እንዳልሳቀች ነግራኛለች። እኔም ይህን መልስ ከሰማሁ በኋላ ነው፣ ስለ ሒሳቡ ከሰው ጋር ስከራከር የምቆምበት ስፍራ የተገኘልኝ።

ወደ ሒሳቡ ልምጣ። የቀረበላት ጥቅል ደመወዝ 9,000 ብር ነው። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ሆኖ ከቀሪው ላይ የሚቆረጠው ግብር 1,400 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮዋ 7 በመቶ፣ ማለትም 630 ብር ነው። ስለዚህ እጇ የሚገባው 6,970 ብር ነው። ልጆቹን የምትጠብቅ ሠራተኛ እንቅጠር ብንል ደመወዟና ቀለቧ ተደምሮ ከዚህ ከግማሽ የሚበልጠውን ይወስዳል፤ ፋብሪካው የሠራተኛ ሰርቪስ ስላለው ትራንስፖርቱ ቀላል ቢሆንም የምሳ ወጪ ይኖራል። አጎቴ ይህን ሁሉ በጣታቸው ቆጥረው ሲጨርሱ «ለሁለት ሺህ ብር ብላ ነው እንግዲህ ልጆቿን ጥላ የምትወጣው?» አሉኝ። የቁጥሩ ድምር ልክ ነው፤ የተሳሳተው አቀማመጡ ነው።

የሠራተኛዋ ወጪ ለምን ከባለቤቴ ደመወዝ ላይ ብቻ ይቀነሳል? ልጆቹ የሁለታችን ናቸው። እኔ ጠዋት ትምህርት ቤት ገብቼ እንዳስተምር ያስቻለኝ አንድ ሰው ቤት ሆኖ ልጆቹን ስለያዘ ነው፤ ያ ሰው እሷ በነበረችበት ጊዜ ሁሉ ከእኔ ደመወዝ ላይ «የልጅ ጥበቃ» ተብሎ ሳንቲም የተቀነሰ አልነበረም። ጥማድ በሬ ያለው የጅሩ ገበሬ የመኖውን ወጪ በአንደኛው በሬ ስም ብቻ መዝግቦ ያኛው በሬ አያዋጣም አይልም። ወጪው ከሁለቱ ደመወዝ ድምር ላይ ሲቀነስ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል፤ ቤቱ ባንድ ደመወዝና ያለ ሞግዚት ወይስ በሁለት ደመወዝና ከሞግዚት ጋር ይሻለዋል የሚል ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መሻሻሉን አልክድም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ዘይቱም፣ የቤት ኪራዩም፣ የልጆች ጫማም ከዚያ በፊት ቀድመው ሄደው ስለጠበቁት ግን፣ በእኔ ደመወዝ ብቻ የወሩን መጨረሻ የምናየው በብድር ነው።

አጎቴ ጨርሶ ያላነሡት፣ እኔ ግን ከሁሉ የምመዝነው ነገር ጡረታው ነው። ሰዎች 630 ብሩን እንደተቆረጠ ገንዘብ አይተው ያዝናሉ፤ አሠሪው ከራሱ ጨምሮ የሚያስገባውን 11 በመቶ ግን አያስቡትም። በዚህ ደመወዝ አሠሪው የሚጨምረው 990 ብር ሲሆን፣ በስሟ በየወሩ የሚገባው 1,620 ብር ይደርሳል ማለት ነው። ገንዘቡ ራሱ ትልቅ ላይመስል ይችላል። ዋናው ነገር ሕጉ የሚጠይቀው ዘመን ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ መሆን አለበት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ የሚደርሰው በአንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ገንዘብ ነው። ባለቤቴ በሁለቱ ፋብሪካዎች የስድስት ዓመት አገልግሎት አላት። አሁን ብትገባና አራት ዓመት ብትጨርስ፣ እስካሁን የደከመችበት ዘመን ሁሉ ወደ አበል ይለወጥላታል፤ ካልገባች ስድስቱም ዓመት የአንድ ጊዜ ክፍያ ሆኖ ይቀራል። ይህንን በወር ከሚተርፈው ሁለት ሺህ ብር ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ ማየት የማይፈልግ ሰው «ያዋጣል ወይስ አያዋጣም» ብሎ መፍረድ የለበትም ባይ ነኝ።

ደግሞም ክፍተቱ በረዘመ ቁጥር ቀጣዩ በር ይጠባል። አሁን እንኳ «እነዚህን ዓመታት ምን ስትሠሪ ነበር?» ተብላ ተጠይቃለች። የስፌት መኪናዋን ሥራ በመጥቀሷ በበጎ ታየላት እንጂ፣ ከአንዳንዱ ቦታ ይህ ክፍተት ብቻውን ፋይሏን ወደ ጎን ያስደርጋል።

ዋስትናውን በሚመለከት ያየነው ጣጣ ለሌሎችም ይጠቅም ይሆናል። የሰው ኃይል ክፍሉ የትዳር ጓደኛ ዋስ መሆን አይችልም ስላለን፣ ደመወዝተኛ የሆነ ሌላ ሰው መፈለግ ነበረብን። ዋስ መሆንን የሚፈራው ሰው ብዙ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ደመወዙን ገልጾ «ሲለቅ እናሳውቃለን» ብሎ ከጻፈ በኋላ ሰውዬው የታሰረ ያህል ይሰማዋል። አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ እሺ ካለኝ በኋላ ባለቤቱን አማክሮ ተመለሰና «የምንፈራው መጠኑ አለመታወቁን ነው» አለኝ። ፍርሃታቸው እውነት አለው። በእጃችን የተሰጠው ቅጽ «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ» የሚል እንጂ የገንዘብ ልክ አልነበረውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ላይ ዋሱ የሚገደድበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ባለቤቴ ይህንኑ ይዛ ሄዳ ቅጹ ላይ ልኩ እንዲጻፍ ጠየቀች። ገና ሳትቀጠር ሕግ ጠቃሽ ሆነች ተብላ እንዳትቀር እኔ ሠግቼ ነበር፤ የክፍሉ ኃላፊ ግን ያለ ብዙ ክርክር 50,000 ብር ብለው ሞሉበት። መጠኑ ከተጻፈ በኋላ ወዳጄም ሳይከብደው ፈረመ። ለዋስ የምንለምን ሰዎች ቅጹን አስቀድመን ብናነበው የሚፈርምልን ሰው ቁጥር የሚጨምር ይመስለኛል።

የልጆቹ ጉዳይ እንደሚፈራው ከባድ አልሆነም። ሰርቪሱ የሚነሣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ልጆቹን ቀስቅሶ፣ አብልቶ፣ ትልቁን ትምህርት ቤት ትንሿን መዋዕለ ሕፃናት ማድረስ የእኔ ሥራ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ያለውን ክፍተት እስከ ሐምሌ ድረስ በሞግዚት እንሸፍነዋለን፤ ከዚያ ወዲያ አማቴ ከመሐል ሜዳ ሊመጡልን አስበዋል። የመንዝ የበልግ ገብስ ሳይሰበሰብ ከቤታቸው እንደማይነቃነቁ አስቀድመው ነግረውናል፤ በጎቹን ለማን እንደሚሰጡም ገና ከወንድማቸው ልጅ ጋር እየተነጋገሩ ነው። በነገራችን ላይ፣ ከዘመዱ ሁሉ «ያዋጣል ወይ?» ብለው ያልጠየቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። የጠየቁት ፋብሪካው ውስጥ ይበርድ እንደሆነ ነው፤ ባና ልከዋል።

የሌሊት ፈረቃውን በተመለከተ ባለቤቴ ራሷ ቁርጥ ያለ ነገር ተናግራለች። የሰዓት ገደብ በሚጣልባቸው ሰሞኖች ሰርቪሱ ቢዘገይ ከፋብሪካው ደጅ ሌላ መጓጓዣ ስለማይገኝ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ፈረቃ እንድትመደብ ጠይቃ በቃል ተስማምተውላታል። እኔ በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ፤ እሷ ግን ዋስትናው ላይ አንድ ጊዜ ስላስጻፈች ይህን ውሉ ሲፈረም ለማንሣት መርጣለች። የሥራ ቦታውን ጠባይ የምታውቀው እሷ ስለሆነች ምርጫውን ለእሷ ትቻለሁ።

አሁን የምንጠብቀው የጤና ምርመራውን ውጤት ነው። ከዚያ በኋላ የሙከራ ጊዜው አለ፤ በሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ስለሚችል በሳምንት ስድስት ቀን ሲሠራ ወደ ሁለት ወር ተኩል ይጠጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ አይደለሽም ከተባለች ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ልትሰናበት ትችላለች። ካለፈችው ደግሞ አገልግሎቷ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። የሥራ ተስፋዋን የሰማ አንድ የጠባሴ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ሊገዛን መጥቶ ነበር፤ ዋጋውም ደኅና ነበር። ባለቤቴ ፋሲካ ሲያልፍ ተመልሶ እንዲጠይቅ ነግራ ሸኘችው።